መራሪትን ማስቆጣት

ደሴ ውስጥ ሰው ማለዳ ፊቱን ከመታጠቡ በፊት በር ላይ ያለው መስታወት ላይ ይተነፍሳል። ሕፃን ይተነፍሳል፣ ሽማግሌ ይተነፍሳል፣ ማታ ነጭ ሽንኩርት የበላም ሳያፍር ይተነፍሳል። መስታወቱ አረንጓዴ ካለ በሩ ይከፈታል። ቢጫ ካለ ከሥሩ ያለችው ቀዳዳ አንዲት ጠብታ ትጥላለች፤ በሩ የሚከፈተው ጠብታዋ ምላስ ላይ ካረፈች በኋላ ነው። ቀይ ካለ በሩ ራሱ ሐኪም ይጠራል። ቀይ ብርቅ ሆኗል። ዳውዶ ሰፈር ውስጥ የመጨረሻው ቀይ የታየው በአያ እንድሪስ በር ላይ ነው፤ ልጆች ተሰልፈው አይተውታል።

ጦይባ ለመስታወቱ የምትሰጠው እስትንፋስ ጥድፊያ ነው፤ «እፍ» ብላ ትሮጣለች። ሥራ ይረፍድባታላ! ሥራዋ ተክል ማናደድ ነው።

ከሌላ ከተማ የመጣ እንግዳ ይህን ሲሰማ ይስቃል። ይሳቅ። ካፖርቷ ደረት ላይ በቢጫ ክር «ተንኳሽ፣ አራተኛ መደዳ» ተብሎ ተጠልፏል፤ ክሩን ማንም በቀልድ አልጠለፈውም። ስድስተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ስታቋርጥ አስተማሪዋ «በዚህ ምላስሽ የትም አትደርሺ» ብለዋት ነበር። የደረሰችበትን ለማየት አሁን ቀና ማለት አለባቸው፤ ጦሳ ተራራ ላይ ናት።

ወደ ጦሳ የሚወጣው የገመድ መኪና ጠዋት ጠዋት ጉም ውስጥ ይጠፋና ከላይ ፀሐይ ላይ ብቅ ይላል። ከተማዋ ታች እንደ ተከደነ ድስት ትቀራለች። ላይ፣ ድሮ ባሕር ዛፍ የነበረበት ገመገም ሁሉ፣ መደዳ በመደዳ መራሪት ተተክሎበታል። መራሪት ከጉልበት የማታልፍ ቁጥቋጦ ናት። ቅጠሏ የአህያ ጆሮ ይመስላል፤ ከላይ አረንጓዴ፣ ከሥር አመድማ። አበባዋ አያምር፣ ጥላዋ አይበቃ፣ እንጨቷ አይነድ። ጥንት የሚያውቃት ፍየል ብቻ ነበር፤ እሱም አንዴ ቀምሶ እየተራገመ የሚሄድባት።

እያንዳንዱ መደዳ የራሱ ተንኳሽ አለው። ጦይባ ጥፍሯን አሳድጋ ቅጠል ትቆነጥጣለች። የፍየል ጥርስ በሚሏት የእንጨት ሹካ ትነክሳለች። ከጣሳ ትል አውጥታ ታሰማራለች፤ ትሉ ጠግቦ ሊተኛ ሲል አንስታ ወደ ሌላዋ ታዛውረዋለች። ሳይጠብቋት ትመጣለች፣ ሳይጠግቧት ትሄዳለች። ስድብ ግን በሥራ ደንቡ ውስጥ የለም፤ እሱ ከራሷ የምትጨምረው ምርቃት ነው።

«አንቺ ድንቡሽቡሽ! ዝናብ ጠጥቶ መተኛት ነው የለመድሽው? ተነሽ፣ ሰው ይጠብቅሻል!»

ከአምስተኛው መደዳ እትዬ ዘርፌ ይሰሟታል። እትዬ ዘርፌ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰኞ ገበያ ቲማቲም የሸጡ፣ ስድብን ከነቅመሙ የሚያውቁ ሴት ናቸው።

«ይሄ ስድብ ነው? ቡራኬ ነው እንጂ! እስቲ ስሚ።» ጎንበስ ብለው ወደ አንዷ ቁጥቋጦ ይጠጋሉ። «አንቺ ዘር አሰዳቢ! እናትሽ ቋጥኝ ሰንጥቃ በቀለች፣ አንቺ ሽንት በምታህል ካፊያ ትንቀባረሪያለሽ!»

«ኧረ እትዬ፣ ይቺስ አለቀሰች።»

«ታልቅስ! እንባዋ ነው የሚፈለገው።»

ነገሩም እውነት እንደዚያ ነው። መራሪት ሲደላት ምንም አትሠራም። ስትነከስ ግን ነካሿን ለማባረር ቅጠሏ ውስጥ አንድ መራራ ነገር ታበስላለች። ያን መራራ ነጥለው ያወጡት ዶክተር ሉባባ ይመር ናቸው፤ የዳውዶ ልጅ፣ የሴልን ጓዳ ገብተው የሚያዩ ተመራማሪ። በተራራው ስም «ጦሲን» አሉት። ጦሲን የካንሰርን ሴል በጉልበት አይገድልም። የካንሰር ሴል ማለት መሞትን የረሳ ሴል ነው፤ ጦሲን ጠጋ ብሎ ያስታውሰዋል። ሴሉም «ለካ!» ብሎ ይሞታል። ጦይባ ይህን ለሰው ስታስረዳ «ለካ!» የሚለው ላይ ስትደርስ ደረቷን ይዛ፣ ዓይኗን ገልብጣ፣ ግድግዳ ተደግፋ ትንሸራተታለች። ዶክተሯ አንድ ቀን አይተዋት፣ «ለእንግዶች ሳይንሱን እኔ እነግራቸዋለሁ፤ አሟሟቱን አንቺ አሳዪልኝ» ብለዋታል።

ሌላውን መድኃኒት ሁሉ መስታወቶቹ ራሳቸው ያትሙታል። ጦሲንን ግን የዓለም ማተሚያ ሁሉ ሞክሮ አልቻለም፤ ታትሞ የወጣው ጦሲንን ይመስላል እንጂ ሴሉን መሞቱን አያስታውሰውም። ለመቆንጠጥም መጀመሪያ ማሽን ተተክሎ ነበር። ማሽኑ በሰዓቱ ይቆነጥጣል፣ በልኩ ይቆነጥጣል። መራሪትም ለመደችውና እንደ ነፋስ ቆጠረችው። ዶክተር ሉባባ እያንዳንዱን ቅጠል ከፋፍተው ሲያዩ የደረሱበት ይህን ነበር፤ መራሪትን የሚያስቆጣት ሕመሙ ሳይሆን መቼ እንደሚመጣ አለማወቋ ነው። ስለዚህ ማሽኑን አስወርደው ሰው ቀጠሩ። ሰው ሲባልም፣ ጎረቤት እረፍት አሳጡን ብሎ የሚያማቸውን መርጠው።

ዛሬ የትም አገር ያለ ሕመምተኛ ደሴን ካርታ ላይ ባያገኛት እንኳ በምላሱ ያውቃታል።

ጦይባን ያሳደጓት የእናቷ ወንድም አያ እንድሪስ ናቸው። አያ እንድሪስ የዳውዶ ቅሬ፣ ማለት የሰፈሩ እድር፣ ጠሪ ነበሩ። ሰው ሲሞት ማለዳ መስቀለኛው መንገድ ላይ ካለው ድንጋይ ይወጡና የሟቹን ስም ከነአባቱ ይጠራሉ፤ የቅሬው አባል ድንኳን ተሸክሞ፣ አካፋ ይዞ ይወጣል። በሌላ ከተማ መርዶ በመስታወት ይመጣል። ዳውዶ ግን በዚህ ጉዳይ መስታወት አላምንም ብላ ቀርታለች። የሰው ሞት በሰው አፍ ካልተጠራ፣ ለዳውዶ ሟቹ እንዳልሞተ፣ ቀባሪውም እንዳልቀበረ ነው።

በሽታው ሲመጣ እንግዲህ መርጦ ጉሮሯቸው ላይ መጣ። የታተመው መድኃኒት ሁሉ ተሞከረ፤ ጉሮሯቸው እምቢ አለ። ያ ድምፅ እንደ ዛገ ማጠፊያ ሲጥ ሲጥ ማለት ጀመረ፤ ኋላም ጭራሽ ጠፋ። ጦሲን ሲጀመርላቸው ግን እብጠቱ ሟሟ፣ ቀዩ መስታወት ቢጫ ሆነ፣ ጉርምርምታ የምታህል ድምፅ ተመለሰች። የዳውዶ ሰው ጠብታ የሚሠራው ከአራተኛው መደዳ ቅጠል ነው። ከጦይባ መደዳ! ለዚህ ነው ጦይባ ለሁለት ሰው የሚበቃ ኩራት ይዛ የምትሄደው። ጠዋት አያ እንድሪስ ጠብታቸውን ተቀብለው ፊታቸው እንደ ታጠበ ጨርቅ ሲጨማደድ፣ አጠገባቸው ቆማ ትጠይቃለች።

«እንዴት ናት ዛሬ?»

«ነፍሴን ልታወጣት ነበር» ይላሉ ምላሳቸውን እያራገቡ።

«የኔ ልጅ ናት!» ብላ ትሄዳለች።

አንድ ሰኞ ጠዋት ግን ፊታቸው አልተጨማደደም።

«ምነው አያ?»

«እንጃ። ውሃ ውሃ አለኝ።»

ማክሰኞም ውሃ ውሃ አለ። ረቡዕ የጎረቤት ሴቶች ውኃ ልማት ቦኖ ጋ ተገናኝተው «ያንቺስ ጠብታ ከረሜላ አልሆነም?» ተባባሉ። የአያ እንድሪስ መስታወት ቢጫነቱ እየጠቆረ ወደ ብርቱካን ሄደ፤ ከብርቱካን ቀጥሎ ያለውን ሁሉም ያውቀዋል። ያቺ ጉርምርምታም መክሰም ጀመረች። ጦይባን ለእራት ሲጠሯት ስሟ ግማሽ መንገድ ላይ ተሰበረ።

ሐሙስ ዶክተር ሉባባ ጦይባን ቅጠል መመርመሪያው ክፍል አስጠሯት። ዶክተሯ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ ሴት ናቸው።

«ጦይባ፣ ቅጠሎችሽ ደልቷቸዋል።»

«የኔ?» ጦይባ በሕይወቷ እንዲህ ያለ ስድብ ተሰድባ አታውቅም። «ዶክተር፣ በኔ እጅ ቅጠል የደላት ቀን ጥፍሬ ይርገፍ!»

«ጥፍርሽን አልከሰስኩም። ንክሻሽ ይታያል፤ ጥሩ ንክሻ ነው። ግን ካንቺ በኋላ የሚያባብላቸው አለ። ትሉን ያነሳላቸዋል፣ ውሃ ይጨምርላቸዋል።» ትንሽ ብልቃጥ አነሱ። «ሥሮቻቸው ላይ ደግሞ ይኸው፣ ማር አገኘሁ። ንብ ማር ትሠራለች እንጂ ዞራ ተክል አታጠጣም።»

ጦይባ አፏን ከፈተች። መልሳ ዘጋችው። በመስታወቱ ግድግዳ አሻግረው ያዩዋት እትዬ ዘርፌ፣ ልጅቷ ዝም አለች ብለው ደንግጠው ውሃ ይዘው መጡ።

«የሚቀጥለው ለቀማ መራራ ካልሆነ» አሉ ዶክተሯ፣ «መደዳውን ነቅዬ እንደ አዲስ እተክለዋለሁ። እስኪደርስ ዳውዶ በታተመው መድኃኒት ይቆያል።»

«አያስ? የአያ ጉሮሮ የታተመውን አይቀበልም እኮ! ከአምስተኛው መደዳ ይወሰድላቸዋ!»

«የአምስተኛው የጢጣ ሰፈር ሰው ጠብታ ነው። ከማን ምላስ ላይ ልንጠቅላቸው?» ዶክተሯ ብልቃጡን ቀስ ብለው አስቀመጡ። «አያ እንድሪስ ጊዜ እንደሌላቸው አውቃለሁ። የጠራሁሽ ለዚህ ነው። እኔ የምመረምረው ቅጠል ነው፤ ሰውን አንቺ ታውቂያለሽ።»

ታውቃለች እንጂ! እቤት ውስጥ ለጉሮሮዬ ብሎ ጠዋትና ማታ የማር ብርዝ የሚበጠብጥ ማን ሆነና።

ዓርብ ከሰዓት ተንኳሾች ሥራ የላቸውም። አያ እንድሪስ ጁምዓ ሰግደው ሲመለሱ ካፖርታቸውን ደርበው፣ «አየር ልቀበል» ብለው ወጡ። ጦይባ በሚቀጥለው የገመድ መኪና ተከተለች።

አራተኛው መደዳ መሐል ቁጢጥ ብለው አገኘቻቸው። ኮፊያቸውን ገልብጠው ትል እየለቀሙ ያጠራቅሙበታል። አንዱን እንኳ አይጨፈልቁም፤ «አንተም ነፍስ ነህ፣ ግን ሌላ ቦታ ብላ» ይሉታል። አጠገባቸው ኮዳ ሙሉ ብርዝ ቆሟል። ለእያንዳንዷ ሥር ጠብ ጠብ ያደርጋሉ።

«ጠጪ እመቤቴ። አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው። ያቺ ባለጌ የምትልሽን ሁሉ አፉ በይኝ፣ ይቅር በያት። አስተዳደጓ ነው። ያሳደግኳትም እኔው ነኝ።»

«አያ!»

አያ እንድሪስ ጓዳ ውስጥ ጣቱን ማር ውስጥ ነክሮ እንደ ተያዘ ሕፃን ዞሩ።

«አየር እየተቀበልኩ ነው» አሉ።

«አየሩ ማር ማር ይላል።»

ኮዳውን በካፖርታቸው ጫፍ ሸፈኑ። ትሎቹ ከኮፊያው መውጣት ጀመሩ።

«አያ፣ የገዛ መድኃኒትዎን እያበላሹ እኮ ነው! ሲደላት አትመርም። ካልመረረች ደግሞ…» ቀሪውን ዋጠችው።

«ሰምቻለሁ። ዶክተሯ ሲያስረዱ ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ?»

«ጆሮዬ ሰማ፣ ልቤ እምቢ አለ።» ድምፃቸው እየተሰበረ፣ እያረፉ ተናገሩ። «ጦይባ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ እገሌ ሞተ እያልኩ ስጣራ የኖርኩ ሰው ነኝ። በራሴ ተራ ጊዜ ይህች ሣር የምታህል ፍጥረት ‹ገና ነህ› አለችኝ። የውለታዋ ምላሽ ቁንጥጫ ነው? ትል ነው? ጠዋት ጠዋት በእኔ ምክንያት ስትሰቃይ እያወቅሁ ምላሴን ልዘርጋ? ውለታ ቢስ ሆኜ ከምኖር አመስግኜ ብሞት ይሻለኛል።»

  የጦይባ አፍንጫ ቀላ።

«እሺ፣ ይሙቱ!» ብላ ጮኸች። «እኔ ግን ያ ድንጋይ ላይ ወጥቼ ስምዎትን አልጠራም! ሰምተዋል? ማንም አይሰማም! ማንም አይወጣም!»

«ማንም ማንንም አይጠራም» አለ ከኋላ የረጋ ድምፅ።

ዶክተር ሉባባ ናቸው። እሳቸው ዓርብም አያርፉም። አያ እንድሪስ ከነትላቸው ተነሡ፤ ኮፊያውን ራሳቸው ላይ ሊያደርጉ ሲሉ ጦይባ በጊዜ ቀማቻቸው።

«ዶክተሬ፣ ልጄ… አጥፍቻለሁ መሰለኝ።»

«አልቆጣዎትም፣ አያ እንድሪስ። ይምጡ፣ አንድ ነገር ላሰማዎት።»

ክፍሉ ውስጥ አንድ የመስታወት ክዳን ሥር ሁለት የመራሪት ማሰሮዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ቅጠሎቻቸው ላይ እንደ ሸረሪት ድር የቀጠነ ሽቦ ተያይዟል። ዶክተሯ ክዳኑን ገለጥ አደረጉና ለጦይባ በዓይናቸው ምልክት ሰጧት። ጦይባ የመጀመሪያዋን ጥሩ አድርጋ ቆነጠጠቻት፤ ዕንባዋን ሁሉ ቁንጥጫው ላይ አወጣችው። ክዳኑ ተመልሶ ተደፋ።

መጀመሪያ ዝም ነበር። ቀጥሎ ዝንብ የሚያህል ድምፅ ተነሣ፤ ዝንቧ ተርብ ሆነች፣ ተርቡ ቀፎ ሙሉ ሆነ።

«ቅጠሏ መራራውን ስታበስል ይህን ያሰማል» አሉ ዶክተሯ። «ይጠብቁ።»

ጠበቁ። እንደ ዋዛ፣ ከሁለተኛዋ ማሰሮ ሌላ ዝንብ ተነሣች። እሷም እያደገች ሄደች፤ በመጨረሻ ሁለቱ አንድ ላይ አስተጋቡ።

አያ እንድሪስ ዓይናቸውን አጠበቡ። «ይህችኛዋን ማን ነካት?»

«ማንም።»

«ጦይባ፣ እጅሽን አሳዪኝ።»

«ኧረ አያ! እጄ ይኸው!»

«ማንም አልነካትም» አሉ ዶክተሯ። «የመጀመሪያዋ ስትነከስ እኛ የማንሸተውን ሽታ ትለቃለች። ጎረቤቷ ትቀበለውና፣ ሳትነከስ በፊት መራራዋን ታዘጋጃለች። ሦስተኛዋ ከሁለተኛዋ፣ መደዳው በሙሉ እንደዚሁ። አንዷ ካልጮኸች ሌሎቹ ተኝተው ይቀራሉ።»

አያ እንድሪስ ክዳኑ ላይ ጆሯቸውን ለጠፉ። ለረጅም ጊዜ አልተነሡም።

«ጥሪ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ይሄ እኮ ጥሪ ነው!»

«የቅሬ ጥሪ» አሉ ዶክተሯ።

«እርስዎ ደግሞ የጠሪዋን አፍ በማር ወተፉት» አለች ጦይባ። ማንም አልገሠጻትም።

ዶክተር ሉባባ ወንበር ስበው ከአያ እንድሪስ ፊት ተቀመጡ። «የእናቴን ስም የጠሩት እርስዎ ነበሩ። በዚሁ በሽታ ነበር የሞተችው። ትንሽ ልጅ ነበርኩ፤ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ ሰማሁዎት። ዳውዶ በሙሉ ነቅሎ መጣልኝ። ያ ድምፅ ባይኖር ብቻዬን ነበርኩ።» ወንበራቸውን ጠጋ አደረጉ። «ግን እዚያው ብርድ ልብስ ውስጥ ለራሴ ቃል ገባሁ። አያ እንድሪስ፣ እኔ የተማርኩት እርስዎን ሥራ ለማስፈታት ነው።»

አያ እንድሪስ መጀመሪያ በግርምት አዩዋቸው። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሳቅ ነው፤ ሳልም አለበት፤ ዕንባም አለበት።

«ተሳክቶልሽ ነበር እኮ የይመር ልጅ» አሉ ሲጥ በሚል ድምፅ፣ «እኔ በማር ባላበላሸው!» ዓይናቸውን በካፖርታቸው እጅጌ ጠረጉ። «እሺ፣ ታዲያ ምስጋናዬን የት ላድርሰው?»

«መደዳው ላይ። የእርስዎ ቁንጥጫ ነገ የጎረቤትዎ ጠብታ ነው።»

ቅዳሜ ጠዋት የገመድ መኪናው አያ እንድሪስን ከጦይባ ጋር አወጣ። ኮዳ አልያዙም፤ ጦይባ ኪሳቸውን ጭምር ፈትሻለች። እትዬ ዘርፌ ወሬውን ቀድመው ሰምተው እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ይጠብቃሉ።

«መጣህ፣ የመራሪት ሞግዚት! በል እስቲ ስደባት፣ እንስማህ።»

አያ እንድሪስ አንዲት ቁጥቋጦ ፊት ቁጢጥ አሉ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አንቺ…»

«አዎ?»

«አንቺ… ትንሽ… ሰነፍ ብጤ!»

«ይሄ ነው?» እትዬ ዘርፌ ራሳቸውን ያዙ። «እንዲህ የሚሳደብ ወንድ ባገኝማ ልጄን እድርለት ነበር!»

«አያ፣ ይተዉት ስድቡን» አለች ጦይባ። ዛሬ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ልታሾፍባቸው አልፈለገችም። «በሚያውቁት ይጥሯት።»

አያ እንድሪስ ቀና ብለው ተራራውን አዩ። ቅጠሏን በሁለት ጣታቸው ያዙ። ከዚያ ያቺን የተረፈቻቸውን ትንሽ ድምፅ ከሆዳቸው ስበው፣ ሰው እንደሚጠራ፣ ስሟን ከነአባቷ ጠሩ።

«መራሪት ጦሳ! ውጪ!»

እና ቆነጠጡ። አቤት ቁንጥጫ! እትዬ ዘርፌ እንኳ «እሰይ!» አሉ። አያ እንድሪስ ግን አላቆሙም፤ ወደሚቀጥለው ሳይሆን ሦስቱን ዘለው ወደ ሌላዋ ሄዱ፣ ተመልሰው መጡ፣ ደግሞ ዘለሉ። ጠሪ መቼ እንደሚጮህ ማን ያውቃል? እስከ ለቀማው ያሉትን ቀናት ሁሉ እንዲሁ ዋሉ። ማታ ማታ ቤት ሲገቡ ጦይባ ጥፍራቸውን ትሞርድላቸዋለች፤ ድምፃቸው ጠፍቶ በምልክት ያመሰግኗታል። መስታወቱ አሁንም ብርቱካን ነው። ጦይባ በእሱ በኩል ስታልፍ አታየውም፤ ብታየው የምትሰብረው ይመስላታል።

ለቀማው ደረሰ። ቅጠሉ ወደ ዶክተሯ ክፍል ገባ። ዶክተሯ ሳይረጋገጥ የሚናገሩ ሴት አይደሉም።

በማግሥቱ ጠዋት አያ እንድሪስ መስታወቱ ላይ ተነፈሱ። ቀዳዳዋ ጠብታዋን ጣለች። ጦይባ ግድግዳ ተደግፋ ዓይኗን ጨፈነች።

አንዳች ነገር «እክ!» ሲል ሰማች።

ስትገልጥ የአያ እንድሪስ ፊት የለም። በምትኩ ጭምድድ ያለ ጨርቅ አለ፤ ቅንድቡ አፍንጫ ላይ ወርዷል፣ ከንፈሩ ጆሮ ዘንድ ሄዷል። ምላሳቸውን አውጥተው ግድግዳውን በመዳፋቸው ደጋግመው መቱ። ምን ሊሉ እንደሆነ ልትጠይቃቸው አፏን ስትከፍት በሩን በረግደው በነጠላ ጫማ ወጡ። ጦይባ ከኋላ። አያ እንድሪስ መስቀለኛው መንገድ ደረሱ፤ ከታመሙ ጀምሮ ያልረገጡት ድንጋይ ላይ ወጡ። አንድ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ።

ድምፁ ሲወጣ መጀመሪያ ተሰነጠቀ። ከዚያ ስንጥቁ ውስጥ ያ የድሮው፣ ቆርቆሮ የሚያስነሣው፣ ዳውዶን ከዳር እስከ ዳር የሚያውቀው ድምፅ ወጣ።

«የዳውዶ ሰው! ውጣ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!»

ሰፈሩ ቀጥ አለ። ያን ድምፅ የሚያውቁት ለአንድ ነገር ብቻ ነው። በየቤቱ መስታወት ላይ በጥድፊያ እፍ፣ እፍ፣ እፍ ተባለ፤ በሮች ተበረገዱ። ወንዶች አካፋ ይዘው ወጡ። ሴቶች ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ወጡ። እትዬ ዘርፌ አንድ እግራቸው ላይ ብቻ ጫማ አድርገው፣ ደረታቸውን እየደቁ መጡ።

«ማን ሞተ? ኧረ ማን ሞተብን?»

አያ እንድሪስ ድንጋዩ ላይ ቆመው የሰፈራቸውን ሰው ተራ በተራ አዩ።

«ማንም!» አሉ። «ማንም አልሞተም! ጠብታው መራራ ነው!»

 አንድ ሰው ከኋላ «እኔስ ቸኩዬ ዋጥኳት እንጂ ምላሴ ተቃጥሏል» አለ። «የኔም!» አለች ሌላ። «ነፍሴን ልታወጣት ነበር!» አለ ሦስተኛው። አካፋዎች መሬት ላይ ተጣሉ። እትዬ ዘርፌ ነጠላቸውን ከላያቸው ገፈው፣ ጥለቱን ወደ ቦታው መልሰው ለበሱና፣ «በል እንግዲህ፣ እኔን እንዲህ አስሩጠህ በባዶው አትለቀኝም!» ብለው እልል አሉ። እልልታው ከዳውዶ ሰኞ ገበያ ደረሰ። ሰኞ ገበያ ያለው ምን እንደሆነ ሳያውቅ ተቀበለው። ከዚያም ላዩ፣ ከዚያም ማዶው፤ ማንም ያልነካቸው ሰፈሮች ተራ በተራ ተነሡ።

ጦሳ ላይ የገመድ መኪናው መውጫ ጋ ዶክተር ሉባባ ነጭ ካፖርታቸውን ለብሰው ቆመው ጉሙን ያያሉ። ድምፁ ከጉሙ ሥር ወጣ። ዶክተሯ መነጽራቸውን አውልቀው ቆሙ። ኋላ ጦይባ ስትደርስም መልሰው አላደረጉትም ነበር።

«ሥራ ላስፈታቸው ነበር» አሉ ወደ እሷ ሳይዞሩ።

«አልተሳካልዎትም ዶክተር» አለች ጦይባ። «የባሰ ሥራ አበዙላቸው።»

ካፖርቷን ቆለፈች። «ተንኳሽ፣ አራተኛ መደዳ» የሚለው ጥልፍ ላይ ያረፈውን አቧራ በክንዷ ጠረገች፤ ከታች ሰው ቀና ብሎ ቢያይ እንዲነበብ። ከዚያ የፍየል ጥርሷን ከመቀነቷ አውጥታ ወደ መደዳው ወረደች። መራሪቶቹ ጤዛ ለብሰው፣ ቅጠላቸውን ለፀሐይ ዘርግተው፣ እንደ ሙሽራ ተኮፍሰው ጠበቋት።

እንደምን አደራችሁ አላለቻቸውም።